የዱባይ የምሽት ሕይወት

የዱባይ የምሽት ሕይወት ማለት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ከመሠረቱት 7 ኤምሬቶች አንዷ በሆነችው በዱባይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚካሄደው የመዝናናት፣ የመመገብ፣ የመገበያየትና የመገናኘት ልማድ ነው። የአገሪቱ መንግሥታዊ ሃይማኖት እስልምና ሲሆን፣ በከተማዋ ሆቴሎች ውስጥ ግን መጠጥ ቤቶችና የዳንስ ክለቦች እስከ እኩለ ሌሊት ማግሥት ድረስ ይሠራሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊኖሩ የቻሉት ሕጉ ቦታን ከቦታ ስለሚለይ ነው። ፈቃድ ባለው ቤት ውስጥ ሕጋዊ የሆነ ነገር ከበሩ ውጭ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው በመዝናኛው ቤት ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ወጥቶ መኖሪያ ቤት እስኪደረስ ያለው መንገድም ነው።

በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቶቹ የዱባይ ሰዓት ሲሆኑ በኢትዮጵያ አነጋገር ተጽፈዋል።

መነሻ

ዱባይ ከነዳጅ ዘይት ዘመን በፊት በዕንቁ ጠለቃና በባሕር ንግድ የምትተዳደር ወደብ ነበረች። ነዳጅ በ1966 ተገኘ፤ በ1971 ኤምሬቶቹ ተባብረው አንድ አገር መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በወደብ፣ በአየር መንገድና በቱሪዝም ስላደገች ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ሆኑ። ሕጉም የአገሬውን ሰው ወግ እየጠበቀ ለእንግዶቹ ቦታ መስጠት ነበረበት። መፍትሔው አልኮል የሚሸጥባቸውን ቤቶች በፈቃድ መወሰን ሲሆን፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚገኙት በሆቴሎች ውስጥ ነው።

ሌላው ምክንያት የአየር ጠባዩ ነው። በበጋ ወራት ሙቀቱ በቀን ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ፣ ልጆቻቸውን የያዙ ቤተሰቦች ሳይቀሩ ከቤት የሚወጡት ማታ ነው። ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚዘጉት ዓርብ ከቀትር በኋላ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ በመሆኑ የዓርብና የቅዳሜ ምሽቶች ደማቅ ናቸው።

አልኮል የሌለበት ምሽት

የዱባይን ምሽት ከክለብ ጋር ብቻ ማያያዝ የተለመደ ስሕተት ነው። የአገሬው ሰው ምሽቱን የሚያሳልፈው በአብዛኛው ያለ መጠጥ ነው፤ ብዙዎቹ መዝናኛዎችም በርካሽ ወይም በነፃ ይገኛሉ። አሮጌውን የዴራ ሰፈር ከቡር ዱባይ የሚለየውን ሰርጥ «አብራ» በምትባል የእንጨት ጀልባ መሻገር ለረጅም ዘመን 1 ዲርሃም ብቻ ሲጠይቅ ኖሯል። በዴራ የወርቅና የቅመማ ቅመም ገበያዎች ማታም ክፍት ናቸው። በ2010 የተመረቀው 828 ሜትር ከፍታ ያለው ቡርጅ ኸሊፋ ሥር የሚገኘው የሙዚቃ ፏፏቴ ያለ ክፍያ ይታያል። የተለያዩ አገሮች ዕቃና ምግብ የሚቀርብበት «ግሎባል ቪሌጅ» ሙቀቱ በሚቀንስባቸው ወራት በየዓመቱ ይከፈታል። በ2023 ደግሞ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት በጁመይራና በኡም ሱቀይም የባሕር ዳርቻዎች መብራትና ዋና ተቆጣጣሪ ያላቸው የሌሊት መዋኛዎችን ከፍቷል። ሺሻ የሚያቀርቡ ቡና ቤቶችም በየሰፈሩ አሉ።

የአልኮል ሕግ

በዱባይ አልኮል ለመጠጣትም ሆነ ለመግዛት ዕድሜ 21 መሙላት አለበት። በር ላይ ፓስፖርት ወይም የኤምሬትስ መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል። አልኮል የሚጠጣው ፈቃድ ባለው ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤት ወይም ክለብ፣ አለዚያም ከተፈቀደለት መደብር ተገዝቶ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ከመደብር ለመግዛት የግል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ለነዋሪዎችም ለጎብኚዎችም ይሰጣል፤ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ክፍያው ቀርቷል። በዚያው ጊዜ የተነሣው 30 በመቶ ግብር ግን በ2025 መጀመሪያ ተመልሷል።

በ2020 መጨረሻ የአገሪቱ መንግሥት ሕጉን አላልቷል። ዕድሜው የደረሰ ሰው በተፈቀደ ቦታ በመጠጣቱ ብቻ በወንጀል አይጠየቅም። በመንገድ፣ በባሕር ዳርቻ፣ በመናፈሻ ወይም በመኪና ውስጥ መጠጣት፣ እንዲሁም ሰክሮ በአደባባይ መረበሽ እስካሁን ወንጀል ነው። ያለ ፈቃድ መጥመቅና መሸጥም እንዲሁ። በቤት ውስጥ ጠላ ወይም አረቄ አዘጋጅቶ ለጓደኛ መሸጥ በኢትዮጵያ የተለመደ መተዳደሪያ ቢሆንም፣ በዱባይ እስርና ከአገር መባረርን ሊያስከትል ይችላል።

ከበሩ እስከ ቤት

ክለቦች በአብዛኛው የሚዘጉት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። በ2009 ሥራ የጀመረው የዱባይ ሜትሮ ግን በአዘቦት ቀናት ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ዓርብ ደግሞ 7 ሰዓት ላይ ያቆማል። ክለቡ ሲዘጋ ባቡሩ አይኖርም ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ቤት መመለሻው ከመውጣት በፊት መታሰብ ይኖርበታል።

መጠጥ ቀምሶ ማሽከርከር በማንኛውም መጠን የተከለከለ ነው፤ «አንድ ብርጭቆ ብቻ» የሚባል ይቅርታ የለም። በ2025 ሥራ ላይ የዋለው የትራፊክ ሕግ ከ20,000 እስከ 100,000 ዲርሃም መቀጮ፣ እስር ወይም ሁለቱንም ይደነግጋል፤ መንጃ ፈቃድም ይታገዳል። ቆጣሪ ያላቸው ታክሲዎች ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። ሴት ሾፌሮች የሚነዷቸውና ሴቶችንና ቤተሰቦችን የሚያሳፍሩ ታክሲዎች ጣሪያቸው ሮዝ በመሆኑ ይለያሉ። ፈቃድ በሌለው የግል መኪና በሒሳብ ሰው ማሳፈር ሕገ ወጥ ሲሆን፣ ለተሳፋሪውም አደጋ አለው፤ ችግር ቢፈጠር የመኪናው ጉዞ በየትም አልተመዘገበም። በሜትሮ ለሴቶችና ለሕፃናት በተለየው ፉርጎ የሚገባ ወንድ፣ እንዲሁም በባቡሩ ውስጥ የሚበላ ወይም የሚጠጣ ሰው ይቀጣል። ከተፈቀደው ማቋረጫ ውጭ መንገድ መሻገርም ያስቀጣል።

ከዱባይ ወደ ሻርጃ

ሻርጃ ከዱባይ ጋር የተያያዘች ጎረቤት ኤምሬት ናት። የቤት ኪራይ ስለሚቀንስ በዱባይ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች የሚኖሩት በዚያ ነው። በሻርጃ አልኮል አይሸጥም፤ ኤምሬቷ በ2001 ባወጣችው የሥነ ምግባር ደንብ አለባበስንና ዝምድና የሌላቸውን ወንድና ሴት አብሮ መሆን በተመለከተ ከዱባይ የጠበቀ ሥርዓት አላት። በሁለቱ መካከል ፍተሻ ያለበት ድንበር ስለሌለ ተጓዡ ሕጉ መለወጡን ላያስተውል ይችላል። በዱባይ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ጠርሙስ በሻርጃ መንገድ በመኪና ውስጥ ቢገኝ ባለቤቱን ያስጠይቃል።

በአደባባይ ያለ ጠባይ

በአደባባይ መሳሳም፣ መሳደብና በጣት የብልግና ምልክት ማሳየት ክስ ሊያስነሣ ይችላል። በ2010 ሁለት እንግሊዛውያን በምግብ ቤት ውስጥ ተሳስመዋል ተብለው አንዲት ልጆቿን ይዛ የነበረች ሴት ባቀረበችው አቤቱታ የአንድ ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል። ጉዳዩ እንደሚያሳየው ክስ ለመመሥረት ፖሊስ በቦታው መኖር የለበትም፤ ቅር የተሰኘ ተመልካች ይበቃል። በገበያ ማዕከሎች ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይጠበቃል።

ስልክም የራሱ ሕግ አለው። በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀሎች ሕግ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣትንና ማሰራጨትን ይከለክላል፤ በመልእክት መስደብም ወንጀል ነው። በክለብ ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ከኋላ የሚታዩ ሰዎችን ስለሚያካትት ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ከመልቀቅ በፊት ማሰብ ይገባል።

አደንዛዥ ዕፆች በጥብቅ የተከለከሉ ናቸው። በኢትዮጵያ ሕጋዊ የሆነው ጫት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከተከለከሉት ውስጥ ስለሚመደብ ለመቃሚያ ያህል እንኳ በሻንጣ ይዞ መግባት ከባድ ወንጀል ነው።

ረመዳን

በረመዳን ወር ቀኑ ጸጥ ይላል፤ ሌሊቱ ግን ሕይወት ያገኛል። ቤተሰብና ጓደኛ ፀሐይ ስትጠልቅ ለኢፍጧር፣ ከንጋት በፊት ደግሞ ለሱሑር በአንድ ማዕድ ይሰበሰባል። ሆቴሎች ለዚህ ሰፋፊ ድንኳኖች ያዘጋጃሉ። በክለቦች ጭፈራና ከፍተኛ ድምፅ ያለው ሙዚቃ ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ከ2021 ጀምሮ የዱባይ ምግብ ቤቶች በቀን ሲሠሩ በመጋረጃ እንዲሸፈኑ አይገደዱም፤ ሆኖም በመንገድ ላይ በቀን መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ ለጾመኛው ክብር ሲባል ይተዋል።

ኢትዮጵያውያን በዱባይ ምሽት

በዱባይ በቤት ሠራተኝነት፣ በሆቴል፣ በጽዳት፣ በጥበቃና በንግድ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዴራና በአካባቢው እንጀራና ቡና የሚቀርብባቸው፣ አንዳንዴም የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ሙዚቃ የሚሰማባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። በእንቁጣጣሽና በገና ሰሞን የሙዚቃ ዝግጅቶች በሆቴል አዳራሾች ይቀርባሉ። ለሕዝብ ትኬት የሚሸጥበት ዝግጅት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በእንዲህ ያለ ምሽት ለታመመ ወገን ወይም ለሐዘን ገንዘብ ማዋጣት በአገር ቤት የሚመሰገን ተግባር ነው፤ በኤምሬትስ ግን ያለ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ሕግ መጣስ ነው።

ለቤት ሠራተኞች የምሽቱ ጥያቄ ከመዝናኛ በፊት የዕረፍት ጥያቄ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ደግሞ 12 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሰዓት ተከታታይ መሆን አለበት። ሠራተኛዋ ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን ራሷ የመያዝ መብት አላት። በዕረፍት ቀን ስትወጣ መታወቂያዋን መያዝና የምትመለስበትን ሰዓት ለአሠሪዋ በጽሑፍ መልእክት ማሳወቅ ይጠቅማታል፤ ሳትመለስ ብታድር አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብሎ ሊያመለክትባት ስለሚችል መልእክቱ ማስረጃ ይሆናታል።

በጉብኝት ቪዛ ወስዶ በክለብ «የአስተናጋጅነት ሥራ» እንደሚያስቀጥር የሚናገር ደላላ ሌላ አደጋ ነው። በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል በመሆኑ ተጓዧ ገና ከመጀመሪያው ከሕግ ውጭ ትሆናለች፤ ይህም ለሚያስገድዳት ሰው መሣሪያ ይሆነዋል። አገሪቱ የሰዎች ንግድን የሚቀጣ ሕግ ያወጣችው በ2006 ነው። የዱባይ የሴቶችና የሕፃናት ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ለጥቃት ሰለባዎች መጠለያ ይሰጣል።

ጥቃት ሲደርስ

ሰው ጥቃት ደርሶበት «ጠጥቼ ነበር» ብሎ ፖሊስ ለመጥራት መፍራቱ በዱባይ መሠረት የሌለው ፍርሃት አልነበረም። በ2013 መደፈሯን ለፖሊስ ያመለከተች አንዲት የኖርዌይ ዜጋ ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት በመፈጸምና አልኮል በመጠጣት ጭምር ተከስሳ የ16 ወር እስራት ከተፈረደባት በኋላ፣ ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ ተቃውሞ ስላስነሣ በይቅርታ ተለቅቃለች። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። በተፈቀደ ቦታ መጠጣት በራሱ ወንጀል መሆኑ ቀርቷል። በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በፈቃደኝነት የተደረገ ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት የሚያስከስሰው የትዳር ጓደኛ ወይም አሳዳጊ ሲያመለክት ብቻ ነው። ሆኖም አቤቱታው የሚቀርብበት ቋንቋ ለውጤቱ ወሳኝ ስለሆነ፣ ያልገባን የዓረብኛ ጽሑፍ አለመፈረም፣ አስተርጓሚ መጠየቅና ለቆንስላ ማሳወቅ ይመከራል። ኢትዮጵያ በዱባይ ቆንስላ አላት።

ለአስቸኳይ ጊዜ ፖሊስ በ999፣ አምቡላንስ በ998፣ የእሳት አደጋ በ997 ይገኛሉ። አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የዱባይ ፖሊስ ቁጥር 901 ነው።