ትንሿ ሃምሳና ትልቁ ሃምሳ

ፎቶ ማንሳት የትርፍ ጊዜ ደስታው የሆነ ሰው፣ ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ አልበቃ ሲለው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሃምሳ ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ነው። ካኖን ሚረርለስ ለሚባሉት ካሜራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣት ሃምሳ 160 ግራም ብቻ ትመዝናለች፤ ስትወጣ ዋጋዋ 200 ዶላር ገደማ ነበር። ዙም የላትም፤ ማቅረብ የፈለገ በእግሩ ይጠጋል። ማታ በሳሎን አምፖል፣ ያለ ፍላሽ፣ የልጅ ፊት አሳምራ ታነሳለች።

ይህች ሌንስ ታላቅ ወንድም አላት። እሱም ሃምሳ ሚሊሜትር ነው፤ ግን ኤፍ 1.2። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ዋጋው 2,300 ዶላር ገደማ፣ ክብደቱ 950 ግራም ነበር። ትንሿ ስድስት ብርጭቆ ሲኖራት እሱ 15 ተደርድሮበታል። የአማተር ፎቶ አንሺ ፈተና የሚያድረው በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነውና ልዩነቱን ማስላት ይበጃል።

የሌንሱ 50 ሚሊሜትር ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ወርድ ይገኛል። ለ1.8 ሲካፈል 28 ሚሊሜትር ገደማ፣ ለ1.2 ሲካፈል 42 ገደማ ይሆናል። ትልቁ የሚያስገባው ብርሃን የትንሿን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው ማለት ነው። ትንሿ የሰከንድ 1/60 በምትፈልግበት ጨለማ እሱ 1/125 ይበቃዋል። ስድስት እጥፍ ክብደትና ከ11 እጥፍ በላይ ዋጋ በዋናነት የሚገዙት ይህንን ነው። ጠርዝ ላይ ይበልጥ ይጠራል፣ አቧራና ካፊያም ይችላል፤ አይካድም። ግን ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ በኤፍ 1.2፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ፊት ሲነሳ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል። በዚያ ሁሉ ገንዘብ የተገዛውን ቀዳዳ መልሶ ወደ 2.8 የሚያጠበው ሰው ጥቂት አይደለም።

የካሜራው ቦዲም ያው ነው። የካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ እ.ኤ.አ. በ2008 21 ሜጋፒክስል ይዞ መጣ፤ በ2020 የወጣው አር ፋይቭ 45 ሜጋፒክስል ነው። ከእጥፍ በላይ ይመስላል፤ ነውም። የምስሉ ወርድ ግን ከ5,616 ነጥብ ወደ 8,192 ነው ያደገው፣ በግማሽ እንኳ አልሰፋም። ሳሎን ያለው ፎር ኬ ቴሌቪዥን ደግሞ የሚያሳየው ከስምንት ሜጋፒክስል ብዙም አይበልጥም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰውም ይገዛል። ሞኝ ሆኖ አይመስለኝም። ፎቶ ሳያምር ሲቀር ምክንያቱ ቶሎ አይገኝም፦ ብርሃኑ ይሁን፣ የቆምንበት ቦታ ይሁን፣ የተነሳው ሰው ተሳቅቆ ይሁን። የካሜራው ጉድለት ግን በቁጥር ተጽፎ፣ መድኃኒቱም ዋጋ ተለጥፎበት ሱቅ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፦ ዕቃው ብዙ ጊዜ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ስለሚገባ፣ ሰው አጋጣሚው እንዳያመልጠው ብሎ ነገ ያስፈልገኛል ያለውንም ዛሬ ያስልካል። (ሌንስ ነው ሲባል እሺ ያለው ዘመድ አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም እንዳልቀረው የሚያውቀው ሻንጣ ሲመዘን ነው።)

አንዱ ግዢም ሌላውን ይጎትታል። አዲሱ ቦዲ ፈጣን ሜሞሪ ካርድ ይላል፤ ፋይሉ ሲከብድ ኮምፒውተሩ ይዘገያል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረውን የሌንስ መግጠሚያ በ2018 ቀይሮታል፤ የድሮ ሌንስ ያለው አዳፕተር ይገዛል፣ አዳፕተሩ ሲሰለቸው ደግሞ ሌንሱን ይቀይራል።

የሚገርመው፣ ዛሬ ብዙ አማተሮች የሚመኙት ላይካ ካሜራ የተወለደው ሸክም ከመጥላት ነው። የጀርመኑ ላይትስ ድርጅት ባልደረባ ኦስካር ባርናክ አስም ነበረበት፤ ባለመስታወት ሰሌዳውን ከባድ ካሜራ ተሸክሞ መውጣት ስላቃተው በሲኒማ ፊልም ፎቶ የሚያነሳ ትንሽ ካሜራ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ሲወጣ የተገጠመለት ሌንስ ሃምሳ ሚሊሜትር፣ ኤፍ 3.5 ነበር።

ትልቁ ሃምሳ ተገቢ የሚሆንለት ሰው አለ፤ መብራት በደበዘዘበት የሠርግ አዳራሽ የሚሠራ ባለሙያ ትርፏን ብርሃን በየምሽቱ ይጠቀምባታል። ሌላው ሰው ማስረጃውን ከራሱ ፎቶዎች ያገኛል። እያንዳንዱ ዲጂታል ፎቶ በምን ሌንስ፣ በስንት ኤፍ፣ በስንት አይኤስኦ (የብርሃን ስሜት መለኪያ) እንደተነሳ ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ላይትሩምን የመሰሉ ፕሮግራሞችም በዚያ ለይተው ይደረድራሉ። ያለፈው ዓመት ፎቶዎች አብዛኞቹ በኤፍ 1.8 እና በአይኤስኦ 6400 ከሆኑ ስለ ትልቁ መጠየቅ ያስኬዳል። በኤፍ 5.6 በፀሐይ የተነሱ ከሆኑ ግን፣ የትኛው ፎቶ በየትኛው ሃምሳ እንደተነሳ መለየት ለባለቤቱም ያስቸግረዋል።