«የአፈር ቤት ኋላቀር ነው» ያለው ማነው? ከሊማሊሞ አፋፍ የምንማረው

ደባርቅ ወይም ዳባት በቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ቀን ፀሐዩ ሲከር ቤቱ ይግላል። ማታ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባችሁም ብርዱ አይለቃችሁም። ጠዋት ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ምን ይደረግ፣ አገሩ ደጋ ነው» እንላለን። ግን ጥፋቱ የአገሩ ብቻ አይደለም። የቤቱም ነው።

እንዴት?

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ በጋ ላይ ማታ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ይሄዳል። ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ሙቀት መያዝ አይችልም። ፀሐይ ስትወጣ አብሮ ይግላል፣ ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል። ከኛ ትንፋሽና ከምድጃው የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። የጠዋቱ ጠብታ እሱ ነው።

ወፍራም የድንጋይ ወይም የአፈር ግድግዳ ግን እንደ ስልክ ባትሪ አስቡት። ቀን ቀስ ብሎ ቻርጅ ያደርጋል፤ ማታ ቀስ ብሎ ሙቀቱን ይመልሳል።

ይሄ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምሳሌው እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ የተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ በሚወርድበት በሊማሊሞ አፋፍ አካባቢ፣ ሊማሊሞ ሎጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀመረ። ከመሥራቾቹ ሁለቱ፣ ሽፈራው አስራትና መለስ የማታ፣ በሰሜን ተራሮች ቱሪስት ሲያስጎበኙ የኖሩ አስጎብኚዎች ናቸው። እንግዳ የሚያድርበት ቤት ሲሠሩ ግድግዳውን በተጠቀጠቀ አፈር አሠሩት።

የተጠቀጠቀ አፈር ስንል ግን የለመድነውን ጭቃ ቤት ማለታችን አይደለም። የኛ ጭቃ ቤት የባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ፣ ጭድ የገባበት ጭቃ የሚመረግበት ነው። ግድግዳው ስስ ነው፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። በተጠቀጠቀው ግን በትንሹ የረጠበ አፈር በጣውላ ፎርም ውስጥ እየተጨመረ፣ ንብርብር በንብርብር እስኪጠነክር ይደበደባል። ፎርሙ ሲነሳ ወፍራም ግድግዳ ቆሞ ይቀራል። አፈር ሁሉ ግን አይሆንም። አሸዋ፣ ጠጠርና ሸክላ የተመጣጠኑበት መሆን አለበት። ዋልካ ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

«ዘመናዊ ቤት ግን ብሎኬትና መስታወት ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ፋርንስዎርዝ ሀውስ የሚባል ቤት አለ። ሚስ ቫን ደር ሮሄ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1951 ተጠናቀቀ። ግድግዳው ዙሪያውን መስታወት ነው፤ ውጭ ያለው ዛፍና ወንዝ ሳሎን የገባ ይመስላል። ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ የተሠራ ቤት እየተባለ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ወንዙ ሲሞላ እንዳይደርስበት በብረት ምሰሶ ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጓል። አልበቃም። በ1954፣ በ1996 እና በ2008 ጎርፍ ገባበት። መስታወቱም በበጋ ሙቀቱን፣ በክረምት ብርዱን ያስገባ ነበር። ባለቤቷ ዶክተር ኢዲት ፋርንስዎርዝ ከአርክቴክቱ ጋር ፍርድ ቤት እስከመድረስ ተጣሉ።

ትምህርቱ ምንድነው? ቦታን ማየትና ቦታን መረዳት ይለያያሉ። ቤት ለፎቶ ቢያምርም ውሃውንና ብርዱን ካላሰበ ነዋሪው ይጎዳል።

ታዲያ እኛ አካባቢ ቤት ስንሠራ ምን እናስብ?

አንደኛ፣ ፀሐይ። ብርዱ በሚጠናበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብ ማድረግ ነጻ ሙቀት ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ። የአፈር ጠላቱ ውሃ ነው። ስለዚህ ግድግዳው መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። የጣሪያው ክንፍ ወጣ ብሎ ዝናቡን ይመልስ። ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ከቤቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ጣሪያ። ቆርቆሮ ክፉ ነው አላልንም፤ ክረምቱን ይችላል። ግን ከሥሩ ኮርኒስ ይኑረው። በመሃል የሚቀረው አየር ብርዱንም ሙቀቱንም ያበርደዋል።

አፈር ርካሽ ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። ጉልበትና የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል፣ በግዴለሽነት ከተሠራ ይፈርሳል። ግን ሲሚንቶ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ ሲመጣ፣ አፈሩና ድንጋዩ እግራችን ሥር ነው ያለው።

ብዙዎቻችን ትንሽ ገንዘብ ስናገኝ መጀመሪያ የምናስበው የእናትና የአባታችንን ቤት አፍርሰን በብሎኬት መሥራት ነው። ሀሳቡ ጥሩ ነው። ግን ከማፍረሳችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ አዲሱ ቤት እናታችንን ማታ ያሞቃታል ወይስ ለጎረቤት ብቻ ያምራል?

እናንተ ያደጋችሁበት ቤት በምን የተሠራ ነበር? ማታስ ይሞቅ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።