ክረምቱ ወንዙን አያጥበውም

ክረምት በገባ ቁጥር ሁለት ወሬ አብሮ ይገባል። አንዱ «ዝናቡ ወንዙን አጠበው» ይላል፤ ሌላው ውሃው መልኩን በቀየረ ማግስት «ፋብሪካ መርዝ ለቀቀ» ብሎ ይጮኻል። ሁለቱም ወንዙን የሚመግበውን ጨፌ ረስተውታል። ዝናብ በወንዙ ውስጥ የሟሟውን ጨው ማቅጠኑ አያከራክርም፤ እሱን እንለፈው። ከሱሉልታ ሜዳ ወደ ሙገር፣ ከቡራዩ ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከሰበታ ወደ አዋሽ የሚወርደው ጎርፍ ግን ሁሉም የዕለቱ ዝናብ አይደለም።

የሱሉልታ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፣ ሜዳው ውሃ አቁሮ ጨፌ ይሆናል። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል፤ ተሕዋስያኑ ግን መተንፈስ አይተዉም። በኦክስጅን ፈንታ መጀመሪያ ናይትሬቱን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዙን፣ ከዚያ ብረቱን፣ ቆይቶም ሰልፌቱን ይጠቀማሉ። ብረቱ ኤሌክትሮን ሲቀበል ዝገትነቱ ቀርቶ በውሃ ይሟሟል፤ ተጣብቆበት የነበረው ፎስፎረስም ይለቀቃል። ከበሰበሰው ሣር የወጣው የተሟሟ ካርቦን እዚያው ይጠራቀማል። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ አዲሱ ውሃ አሮጌውን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ በቧንቧው ውስጥ ያደረውን ዝገት አስቀድሞ እንደሚተፋው ማለት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በአይሶቶፕ የተደረጉ ልኬቶችም በጎርፍ ሰዓት ከሚያልፈው ውሃ ብዙው ከዝናቡ በፊት መሬት ውስጥ የነበረ መሆኑን አሳይተዋል። (በተራቆተ ተዳፋትና በአስፋልት ላይ ነገሩ ይገለበጣል።) ብረቱ ዥረቱ ላይ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ይዝግና ብርቱካናማ ዝቃጭ ይሆናል፤ በረጋው ዳር ላይም ዘይት የሚመስል ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑን በእንጨት ነካ አድርጉት፦ ተሰባብሮ ከቀረ የብረት ነው፣ መልሶ ከገጠመ ዘይት ነው።

«ታዲያ ፋብሪካዎቹን ነጻ ልታወጣ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም፤ ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ጎርፍን ተገን አድርጎ ፍሳሽ መልቀቅም ይቻላል። መለያው ልኬት ነው። የጨፌ ውሃ ሲጎርፍ ካርቦኑ ይጨምራል፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፤ ጨው የበዛበት የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ያንን አቅም ከፍ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ትልቅ ጎርፍ የፋብሪካውንም ጨው ስለሚያቀጥነው አንድ ጠርሙስ ናሙና ማንንም አይከስም፣ ማንንም ነጻ አያወጣም። ከዝናቡ በፊት፣ ወንዙ ሲሞላና ሲጎድል መቀዳት አለበት። የክረምቱ ድፍርስነትም በአመዛኙ የታጠበ አፈር ነው፤ ውሃው አድሮ ከጠለለ በኋላ የሚቀረው ቡናማ ቀለም ነው የካርቦኑ ምልክት። ይህ ካርቦን ለአዲስ አበባ ውሃ ለሚሰጠው፣ ቡራዩ አጠገብ ላለው የገፈርሳ ግድብ ቀላል ነገር አይደለም፤ በማጣሪያ ካልተወገደ ክሎሪኑን ይበላል፣ ከክሎሪኑ ጋርም ትራይሃሎሜቴን የተባሉትን ውሁዶች ይፈጥራል።