በብረት ሣጥን ቤት ውስጥ መርዝ የሌለበትና ብርድ የሚከላከል ወለል ስለ መሥራት

ኮንቴይነር የሚባለው የዕቃ መጫኛ የብረት ሣጥን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ከኒዋርክ ወደ ሂውስተን በመርከብ ተጓዘ፤ የዛሬው የኮንቴይነር ንግድ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ ከሚመጡትም አንዳንዶቹ ጭነታቸውን ካራገፉ በኋላ በየከተማው ሱቅና ጽሕፈት ቤት ሁነው ይቀራሉ። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ሣጥን ለመጻሕፍት ማኖሪያ ወይም ለሕፃናት መማሪያ ለማድረግ ቢያስብ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ወለሉን መመርመር ይገባዋል።

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ማለዳዋ ቀዝቃዛ ነው፤ ብረትም ከደረቅ እንጨት ይልቅ በብዙ መቶ እጥፍ ሙቀትን ያሳልፋል። የሐዲያና የከምባታ የሣር ቤት ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ከብቶቹ በአንድ ወገን አድረው ቤቱን ያሞቁት ነበር፥ ክዳኑም በሣሩ መካከል አየር ይዞ ሙቀቱን ያቆየው ነበር።

ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን መርዙ ነው። የሣጥኑ ወለል ብዙ ጊዜ 28 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ሲሆን፥ ተባይ ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገር በመድኃኒት የታከመ ነው። በቀድሞ ዘመን ለዚህ ሥራ ከዋሉት አንዱ ክሎርዴን በ2001 በስቶክሆልም ውል ከተከለከሉት መርዞች ውስጥ ነው። የመድኃኒቱ ስምና ዘመኑ በሣጥኑ በር ላይ ባለው የብረት ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል፤ ሰሌዳው ተነቅሎ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ቢሆን ግን ወለሉን እንደ ተመረዘ መቍጠር ይሻላል። ሕፃን በወለሉ ላይ ይቀመጣል፥ እጁንም ወደ አፉ ይመልሳልና።

የሚሻለው ኮምፔንሳቶውን መንቀል ነው። ነቃዩ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፥ ጓንትም ያግባ፤ በመጋዝ ከመቍረጥ ይልቅም ብሎኑን ይፍታ፥ ዱቄቱ እንዳይበን። የተነቀለው እንጨት ከቶ ለማገዶ አይሁን። ደረቅና መልካም መስሎ ስለሚታይ ለእንጀራ ምጣድ የሚወስደው አይታጣም፤ ጢሱ ግን መርዙን ወደ ጓዳ ያገባዋል። ለዶሮ ቤትም አይበጅም። ስለዚህ መምህሩና ሽማግሎቹ ይህን ለሰፈሩ ሰው አስቀድመው ያስታውቁ፤ እንጨቱም ተቆልፎበት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር። መንቀል ያልተቻለ እንደ ሆነ አሮጌው ወለል በሙሉ በላሜራ ይሸፈን፥ መጋጠሚያውም ይደፈን።

ሣጥኑ ነፋስ ሥሩን ያደርቀው ዘንድ በድንጋይ ላይ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ከዚያ በብረት ተሸካሚዎቹ ላይ ላሜራ ይነጠፍ፤ ውሃ ቢገባ የሚወርድበትም በሚስማር ጥቃቅን ቀዳዳ ይበሳለት። በላዩ 7 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ሞራሌ በየ40 ሳንቲሜትሩ ይዘርጋ፤ በመካከሉም ከንጹሕ እንጨት የወጣ ሰጋቱራ ከጥቂት ኖራና ውሃ ጋር ተለውሶ ይሞላ። ብርዱን የሚከለክለው በሰጋቱራው መካከል የታሰረው አየር ነውና እጅግ አይጠቅጠቅ። ኖራው ሻጋታንና ተባይን ያርቃል፥ ነገር ግን ዓይንና ቆዳን ያቃጥላል። ሙሊቱ ፈጽሞ ሳይደርቅ ጣውላ አይመታበት፤ ርጥብ ሰጋቱራ ሙቀት አይይዝም፥ ይበሰብሳልም። በዚህ ምክንያት ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው በጋ ቢሆን ይመረጣል።

ለላዩ የደረቀ የፈረንጅ ጽድ ወይም የባሕር ዛፍ ጣውላ ይበቃል። ቺፕውድ ርካሽ ቢሆንም ሙጫው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጎጂ ሽታ ያወጣል፥ ፀሐይ በሚያግለው የብረት ቤት ውስጥም ይብሳል። ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ግን አይገባም። በእርሱ ፈንታ ሰም የቀለጠበት የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባ፥ እስኪደርቅም ጥቂት ቀን በሩ ተከፍቶ ይቆይ። ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል፥ በዚያው ዕለት በውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።