ሐኪም ልቦለድ ማንበቡ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? 📚



በወር አንድ እሁድ ከጥቂት ሐኪም ጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጥተን፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ስላነበብነው መጽሐፍ እንወያያለን። የሕክምና መጽሐፍ አይደለም፤ ልቦለድ ነው። «ጊዜ ተርፏችሁ ነው?» የሚሉን አሉ 😄

ባለፈው ያነበብነው አብርሃም ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመውን «ከቲንግ ፎር ስቶን» ነው። ደራሲው ራሱ ሐኪም ነው፤ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፣ ሕክምና መማር የጀመረውም እዚሁ ነው። ታሪኩም የሚጀምረው እዚሁ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው።

ስንወያይ አንዷ ጓደኛችን «መጽሐፍ ስናነብ እስከ መጨረሻው እንታገሳለን፤ ታካሚን ግን ገና ሲጀምር እናቋርጠዋለን» አለች። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሐኪሞች ታካሚው መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል።

እኔም የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እዚህ የካ የምከታተላቸው አንዲት እናት ደም ግፊታቸው አልወርድ አለ። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» ስላቸው «አዎ ልጄ» ይሉኛል። መጠኑን ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ መድኃኒት ልጨምር ስል የጓደኛዬ ንግግር ትዝ አለኝ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ «እስኪ እማማ፣ ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ ቀኑን እንዴት እንደሚውሉ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ለካ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይሄዳሉ። ከጠበሉ በፊት ክኒን መዋጥ ድፍረት ስለሚመስላቸው ይተዉታል፤ ሲመለሱ ደግሞ ይረሱታል። እንዳልቆጣቸው ፈርተው ነው ያልነገሩኝ። የጨማመርኩትን ሁሉ አንድ ቀን ቢውጡት ኖሮ ግፊታቸው ከልክ በላይ ወርዶ፣ አዙሯቸው ሊወድቁ ይችሉ ነበር። መጠኑን ወደ ቀድሞው መልሼ ሰዓቱን ወደ ማታ አዞርነው። አሁን ግፊታቸው ተስተካክሏል 🙏

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ፦

✅ የዘለላችሁት ወይም ያቆማችሁት መድኃኒት ካለ ሳታፍሩ ተናገሩ።
✅ ጾም፣ ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት ካለ አትደብቁ። ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፤ አንዳንድ የባህል መድኃኒት ግን ከክኒኑ ጋር ላይስማማ ይችላል።
✅ ያመለጣችሁን ለማካካስ እጥፍ አትዋጡ።
✅ ሐኪሙ ካቋረጣችሁ «ዶክተር፣ ገና አልጨረስኩም» በሉት። ነውር የለውም።

እኛም ማዳመጥ እየተማርን ነው። ግፊት ላለባቸው እናትና አባቶቻችሁ አንብቡላቸው።

መልካም ጤና! 💚