የባዘነችው ድርብ ሰረዝ

ክረምቱን ነፋስ መውጫ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቱን የጨረሰው ልጇ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና፣ «አጎቴ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ኮምፓይለሩ ሳይበላሽ አይቀርም። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ስህተት ቆጠረብኝ» አለኝ።

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የሚስቱት ግን ልጁ ፕሮግራሙን የሚጽፍበት ኮድ ብሎክስ ራሱ ኮምፓይለር አለመሆኑን ነው። እሱ የመጻፊያ ገበታ ነው። ትርጉሙን የሚሠራው ከበስተኋላው የተቀመጠው ጂሲሲ ነው፤ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣውና እስከ ዛሬ በነጻ የሚታደለው። ልዩነቱን ያልለየ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። የኮድ ብሎክስ 20.03 እትም ለዊንዶውስ በዋናነት በሁለት መልክ ይወርዳል፦ ትንሹ 35 ሜጋባይት ገደማ ሆኖ ባዶ ገበታ ነው፤ 145 ገደማ የሚሆነው ኮምፓይለሩን ጨምሮ ይዟል። አንድ የስማዳ ተማሪ ዳታ ለመቆጠብ ብሎ ትንሹን በፍላሽ ይዞ ወገዳ ገባ። ጭኖ ሲያስነሳው «ኮምፓይለር አልተገኘም» አለው። ኔትወርክ በማይታመንበት አገር የ110 ሜጋባይት ቁጠባ የሙሉ ክረምት ሥራ አስከፈለው። ስለዚህ ስታወርዱ ስሙ ላይ «ሚንጂደብሊው» (mingw) የሚለውን፣ ማለትም ኮምፓይለሩን የያዘውን ምረጡ።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ፕሮግራሙ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ የሚያትም ነበር። ሰላምታውን በአማርኛ ጽፎ ሲጨርስ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ መስመሩን ዘጋ። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚፈልገው ; ነው፤ ልጁ ያስቀመጠው ግን የእኛን ድርብ ሰረዝ ፤ ነው። ለዓይን ቅርብ ናቸው፤ ሥራቸውም ተመሳሳይ ነው። ለኮምፓይለሩ ግን የማይተዋወቁ ናቸው።

ሦስቱ ስህተቶች ከየት መጡ? የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ የድርብ ሰረዝ መለያዋም U+1364 ነው። ፋይሉ ውስጥ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ስትቀመጥ ግን አንዷ ፊደል ሦስት ባይት ትሆናለች። ከኮድ ብሎክሱ ጋር የመጣው ጂሲሲ 8.1 ሦስቱን ለየብቻ አይቶ «በፕሮግራሙ ውስጥ የባዘነ 341»፣ «የባዘነ 215»፣ «የባዘነ 244» አለ። ኮምፓይለሩ አልተበላሸም፣ አልዋሸምም። ነገር ግን ለጀማሪ የሚረዳ ቃል አልተናገረም።

ያንኑ ስህተት ቶኒ ላይ ሞከርነው። ቶኒ የኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች የሠራው የፓይተን መጻፊያ ነው። ፓይተንን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ አንድ ፋይል በፍላሽ ይበቃል። መልሱ «ይህ ፊደል ልክ አይደለም፦ ፤» የሚል ነበር፤ ቁጥሯን 1364ንም ጨመረበት። ልጁ ሳቀ፤ ወዲያው አስተካከለ። እንዲያውም ፓይተን ከእ.ኤ.አ. 2008ቱ 3.0 እትም ጀምሮ በግዕዝ የተጻፈ ስም ስለሚቀበል «ዋጋ = 90» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ቶኒ ፕሮግራሙን እርምጃ በእርምጃ ሲያስኬድ «ዋጋ» ምን እንደያዘ በዓይን ይታያል።

ስህተትን ቦታውን አሳይቶ ማረምን ጋይንት ከማንም በፊት ታውቀዋለች። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የኔታ ተማሪው ዜማ ሲስት አንተ ስተሃል ብለው ዝም አይሉም፤ የሳተበት ቦታ ላይ አቁመው ከዚያው ያስመልሱታል። ጥሩ የስህተት መልእክትም እንዲህ ነው፦ የት እንደሳትክና ምን እንደሳትክ ይነግርሃል።

መልእክቱን ሳያነቡ «ኧረ ይሄ ነገር አይሠራም» ብለው ለሚዘጉት ልጆች ግን አዝናለሁ። የመጀመሪያውን ስህተት አንብቡ፤ እሱ ሲታረም የቀሩት ብዙ ጊዜ አብረው ይጠፋሉ። «; ጎደለ» ካለ ደግሞ ከተጠቆመው መስመር በላይ ያለውንም እዩ፤ ጉድለቱን የሚያውቀው ቀጣዩ መስመር ላይ ሲደርስ ነው። ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስን ዛሬም በፍላሽ የምታዘዋውሩም ተዉት። እሱ ከእ.ኤ.አ. 1998ቱ የቋንቋው ዓለም አቀፍ ደረጃ በፊት የወጣ ነው፤ በእሱ ከለመዳችሁት አጻጻፍ አዲሶቹ ኮምፓይለሮች የማይቀበሉት አለ።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ለጀማሪ ቶኒ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ግዴታ ለሆነበት ኮምፓይለሩን የያዘው ኮድ ብሎክስ። መካነ ኢየሱስም ሆነ አርብ ገበያ ለምታስተምሩ መምህራን አንድ አደራ አለኝ። ልክ የሆነ ፕሮግራም በአብዛኞቹ አዳዲስ ኮምፓይለሮች ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ መሣሪያውን በእሱ አትፈትኑ። ከመምረጣችሁ በፊት አንዲት የአማርኛ ድርብ ሰረዝ ጻፉበትና የሚመልስላችሁን አንብቡ።