ተጨማሪ መረጃ፦ ራጅፑታና ራይፍልስ

በሕንድ ጦር ካሉት የራይፍል ሬጅመንቶች አንጋፋው ራጅፑታና ራይፍልስ ነው። መነሻው የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1775 እ.ኤ.አ. በቦምቤይ ያቋቋመው እግረኛ ሻለቃ ነው።

ለአካባቢያችን ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው በ1941 እ.ኤ.አ. በኤርትራ ከረን ላይ ከፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ጋር ያደረገው ውጊያ ነው። በዚህ ውጊያ የሬጅመንቱ ሱበዳር (የሕንድ ጦር መለስተኛ መኮንን) ሪችፓል ራም አዛዡ ሲቆስል አመራሩን ተረክቦ የጠላትን ምሽግ በሌሊት ያዘ፤ ስድስት የመልሶ ማጥቃት ሙከራዎችን መከተ። ጥይት ሲያልቅ የተረፉትን ወታደሮች ከከበባ አወጣቸው። ከቀናት በኋላ በሌላ ጥቃት ቀኝ እግሩ ተቆርጦ እንኳ ሕይወቱ እስኪያልፍ ጓዶቹን ያበረታታ ነበር። ከሞተ በኋላ የብሪታንያ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የሆነውን ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ በጦር ውርወራ ወርቅ ያገኘው ኒራጅ ቾፕራም የዚሁ ሬጅመንት ወታደር ነበር።